ፍሬን ሲያዝ የሚጠቅስ መብራት

በ1970 ዓ.ም. ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ የጭነት መኪና የአውራጃውን መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር በካቦ ጎትቶ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወዳለው የመርዳሳ ግቢ አስገባው። የፊት መስታወቱን ጥይት በስቶታል። የኋላ መቀመጫው ላይ የደረቀ ደም ነበር።

መርዳሳ ሃምሳ ዓመት የሞላው የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው። ሙያውን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ተምሮ፣ ኋላ በገዛ ግቢው ቆርቆሮ ጥላ ሠርቶ ለብቻው መሥራት ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከመቂ ሽንኩርት የሚጭኑትም፣ ከአርሲ እህል የሚያወርዱትም ሹፌሮች ያውቁታል። ወሬ አይወድም፤ መኪና ሲሰጡት ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ያያል፣ ሰውም ዝም እንዲልለት ይፈልጋል። ይሄንን ላንድሮቨር ገና ከበር ሲገባ ለየው። መስከረም ላይ በእጁ ያለፈ መኪና ነው።

አጅቦት የመጣው አብዮት ጠባቂ ገመቹ ይባላል። ጠመንጃ ከመያዙ በፊት ባቡር ጣቢያው ላይ ተሸካሚ ስለነበር ከመርዳሳ ጋር ለዓመታት ሰላምታ ሲለዋወጡ ኖረዋል። «አካም ቡልተን፣ ኦቦ መርዳሳ» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አለና ጎታቹ መኪና እስኪወጣ ጠብቆ፣ የሆነውን ሁሉ በዝግታ ነገረው።

ማክሰኞ ዕለት የአውራጃው ካድሬ ጓድ ዘገዬ የገበሬ ማኅበራትን ለማነጋገር መቂ ወርዶ ነበር። መኪናውን የያዘው ሐዲስ የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነው። ስብሰባው አምሽቶ አለቀና ሊመለሱ ሲሉ ባትሪው ሞቶ አገኙት። ሽንኩርት የጫነ መኪና አስጠግተው፣ ከዚያኛው ባትሪ በገመድ ኃይል ተበድረው አስነሡት። ከዚያ በኋላ መኪናው ጤና አጣ። ቆቃ ድልድይ ሲደርሱ ኬላው ላይ ያሉት ወታደሮች ቁም አሉ። ሐዲስ ፍሬን ሲይዝ የፊት መብራቱ ድርግም አለ፤ ሲለቅ ቦግ አለ፤ ደግሞ ሲይዝ ድርግም። ለወታደሮቹ በዚያው ቀን፣ አናርኪስቶች በመኪና መብራት ይጠቃቀሳሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ኖሮ ሳይጠይቁ ተኮሱ። የጓድ ዘገዬ አጃቢ ትከሻው ላይ ተመትቶ ሆስፒታል ገባ። ሐዲስ እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ እጁ ወደ ኋላ ታሰረ።

ከጓድ ዘገዬ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር። መብራቱን ያጠፋና ያበራ የነበረው የመኪናው ብልሽት ነው ወይስ የሹፌሩ እጅ? መልሱ እስከ አሥር ሰዓት ይታወቅ፤ አሥር ሰዓት ላይ ውሳኔ ይሰጣል። ከውሳኔው በኋላ ሐዲስ ምን እንደሚሆን ገመቹ አልተናገረም፣ መርዳሳም አልጠየቀም። በዚያ ወር፣ ከእንዲህ ያለ ውሳኔ ማግሥት፣ መንገድ ዳር ምን ተጥሎ እንደሚገኝ ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

መርዳሳ የሞላ ባትሪ ከዕቃ ቤት አምጥቶ ገጠመ። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። መብራት አበራና ገመቹን ግድግዳው አጠገብ አቁሞ ፍሬን ያዘ። ገመቹ ራሱን ነቀነቀ፤ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። አሥር ጊዜ ያዘ፣ አሥር ጊዜ ለቀቀ። ፍሬቻውን ሞከረ፣ ጥሩምባውን ሞከረ፣ ዝናብ መጥረጊያውን ሞከረ። ሁሉም እንደ አዲስ ይሠራል።

ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ያን ዕለት ግን መርዳሳ የሚፈልገው ብልሽት ነበር። «መኪናው ጤነኛ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ያቺ ወረቀት የአንድ ሰው የሞት ፍርድ ናት። አይሠራም ብሎ ቢዋሽ ደግሞ አሳየን ይሉታል። ስለዚህ መፈታታት ጀመረ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ የመብራት ማብሪያውን ከፈተ፤ ፍሬን ፔዳሉ ሥር ያለውን መገናኛ አየ፤ ሽቦዎቹን ከዳሽቦርዱ እስከ ፊት መብራቱ በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለ። የተላጠ የለም፤ የላላ የለም። ፀሐይዋ ከፍ ብላ የቆርቆሮው ሙቀት ላቡን ዓይኑ ውስጥ ያንጠባጥበው ጀመር። አምስት ሰዓት ሆነ። ምንም አላገኘም።

ስድስት ሰዓት ላይ የሐዲስ ሚስት በላይነሽ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ መጣች። መኪናው እዚህ መሆኑን ሰው ነግሯት ነው። ዕቃው እንደተሞላ ነበር። የእስር ቤቱ በረኞች ጠዋት ቁርሱን ተቀብለዋታል፤ ምሳውን ግን አንቀበልም ብለው መለሷት። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። ምሳ መመለስ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ግን ሦስቱም ያውቁ ነበር።

«አለ፣ በሕይወት አለ» አላት ገመቹ። «ምርመራ ላይ ስለሆነ ነው።»

እሷ በሩ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ገመቹ ወደ መርዳሳ ተጠግቶ፣ እንዳትሰማ ዝቅ ብሎ፣ ሐዲስ አፉን ቢሰበስብ ይሻለው ነበር አለ። ትናንት ሲመረመር ገመቹ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሐዲስ ሁለት ነገር ተናግሯል። አንደኛው፣ መቂ ላይ ባትሪው የሞተው ጓድ ዘገዬ ሞተሩን አስጠፍቶ፣ ንግግር ሲያደርግ ሰው እንዲያየው ብሎ መብራቱን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላስበራው ነው የሚል ነው። ይህን ሲል በጣም ተመታ። ሁለተኛው ግን መርማሪዎቹን ያሳቀ ነበር። መብራቱን ባበራሁ ቁጥር የቤንዚኑ መርፌ ወደ ሙሉ ወጣ፣ የሙቀቱም እንዲሁ፤ ባጠፋሁ ጊዜ ወረደ አላቸው። መብራት አብርቶ ቤንዚን የሚቀዳ ሹፌር ተገኘ እያሉ ሲስቁበት አመሹ።

መርዳሳ አልሳቀም። የያዘውን ጉጠት አስቀመጠ።

ነፍሱን ለማዳን የሚዋሽ ሰው፣ ሽቦ ተነካክቶ ነው ይላል፤ ፍሬኑ ተበላሽቶ ነው ይላል። የቤንዚን መርፌ ወጣ ብሎ የሚዋሽ ማን አለ? እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ ያየ ብቻ ነው የሚናገረው። መብራት፣ ፍሬንና የቤንዚን መርፌ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽቦ አላቸው። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ኤሌትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። መርዳሳ ጠዋቱን ሙሉ መሄጃውን ሲፈትሽ ውሎ መመለሻውን አላየም።

ደግሞም መኪናው ቆሞ ነው የመረመረው። ሲሄድ ሞተሩ ይናጣል። ይሄ ትዝ ሲለው ዘሎ ገባና ሞተሩን አስነሣ፣ መብራቱን አበራ፣ ማርሽ አስገብቶ ፍሬኑን እንደረገጠ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ለቀቅ አደረገ። ሞተሩ ልሂድ ብሎ ተገፋ፣ ወደ ጎን ዘንበል አለ።

«ጠፋ!» አለ ገመቹ ከግድግዳው በኩል።

መርዳሳ ዓይኑን ወደ መርፌው ጣለ። ሩብ ላይ የነበረው የቤንዚን መርፌ ቀስ ብሎ እየወጣ ነበር። ግማሽ አለፈ፣ ሙሉ ላይ ደረሰ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚሳበውን የቾክ እጀታ በሁለት ጣቱ ቢነካው አቃጠለው። መመለሻ ያጣው ኤሌትሪክ በዚያች ቀጭን ገመድ እየሄደ ነበር።

ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናው ሥር ተንጋለለ። በሞተሩና በሻንሲው መካከል ማሳ የሚሉት፣ ኤሌትሪኩ የሚመለስበት ወፍራም የመዳብ ገመድ መኖር ነበረበት። በቦታው ያገኘው ግን ሁለት እጥፍ ሆኖ የተገመደ የቤት ኤሌትሪክ ሽቦ ነው። መሐሉ ላይ ተቃጥሎ ተበጥሷል፤ መኪናው ሲቆም ብቻ ጫፎቹ ይነካካሉ። ዳርና ዳሩ በጥቁር ጨርቅ ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ ጥምጥሙ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ መጨረሻው ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንደዚያ የሚያጥፍ ሰው ናዝሬት ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ የመኪናው ማርሽ ሳጥን ወርዶ ሲገጠም የድሮው ማሳ ተበጥሶ ነበር። ዕቃ ግምጃ ቤቱ የለንም አለ። መርዳሳ ለአንድ ሳምንት ያህል ትይዛለች ብሎ ያቺን ሽቦ ገመደና አሰረ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ኃላፊም ትክክለኛው ሲመጣ ይቀየር ብሎ ነገረ። ኃላፊው እሺ አለ። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ሌላም መጣ። እሱም ረሳው።

ከፊት መከላከያው ብረት ላይ ደግሞ ቀለሙ ተቃጥሎ ነጥብ የምታህል ብረት ቀልጣ አየ። የሽንኩርቱ መኪና ሰው የገመዱን አንድ ጫፍ በባትሪው ፈንታ እዚህ ብረት ላይ አስነክሶት ነበር ማለት ነው። ሞተሩን ያስነሣው ኃይል በሙሉ በመርዳሳ ቀጭን ሽቦ በኩል አለፈ፤ ሽቦዋም ያን ጊዜ ነደደች። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነለት።

ገመቹ ከቧንቧው ውሃ ሊጠጣ ሄዶ ነበር። መርዳሳ ከመኪናው ሥር እንደተንጋለለ ብዙ አሰበ። ጥጉ ላይ ባለው የብረታ ብረት ክምር ውስጥ ከድሮ መኪና የወጣ፣ የዛገና የተበጠሰ ማሳ አይጠፋም። ያንን እዚህ አስሮ የራሱን ሽቦ ቢወረውረው፣ ዕቃው አርጅቶ ነው ብሎ ሐዲስንም ያድናል፣ ራሱንም። ተነሥቶም ክምሩን ፈተሸና አንዱን አገኘ። በእጁ ይዞ ቆመ። አሻጥር የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ይጮህበት ነበር፤ ያን ሰሞን በዚያ ቃል ያለቀው ሰው ብዙ ነው።

ግን የጋራዡ ኃላፊ ያውቃል። አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ለራሱ ፈርቶ እውነቱን ይናገራል። ያኔ ሹፌሩና ጠጋኙ ተመካክረው ያደረጉት ነው ይባላል፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ነገር በላይነሽ ነበረች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። መርዳሳ አያትና የዛገውን ብረት ወደ ክምሩ መለሰው።

ወደ ቤት ገብቶ ሚስቱን ዘርፉን ጠራትና ልጆቹን ይዛ አሁኑኑ ደራ ወዳለችው እህቷ እንድትሄድ ነገራት። እሷ ፊቱን አይታ ለምን ሳትል ነጠላዋን አነሣች። ከበሩ ስትደርስ ብቻ ዞር ብላ፣ ለስንት ቀን ነው ብላ ጠየቀችው። አላውቅም አላት።

አሥር ሰዓት ላይ ጓድ ዘገዬ ከሁለት የኮሚቴ አባሎች ጋር ራሱ መጣ። ሠላሳ ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ሐዲስን ይዘውት መጥተዋል። እጁ ከፊት ታስሯል፣ የቀኝ እጁ ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል። በላይነሽ ስታየው ተነሥታ ቆመች፤ አትቅረቢ አሏትና ባለችበት ቀረች።

መርዳሳ ብዙ አላወራም። ጓድ ዘገዬን የሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ አለው። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቱ ግድግዳው ላይ በራ። ሽቦዋን እንዳትነካካ ጫፎቿን በእንጨት ለይቶ፣ አሁን ፍሬን ይያዙ አለ። ጓድ ዘገዬ ያዘ፤ መብራቱ ድርግም አለ። ለቀቀ፤ በራ። ያዘ፤ ድርግም። አራት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ የቤንዚኑን መርፌ እንዲያይ ነገረው። ጓድ ዘገዬ መርፌውን ብዙ ጊዜ አየ፤ መብራቱን እያጠፋና እያበራ አየው። ከኮሚቴዎቹ አንዱ፣ ማታ ከሳቁት መካከል የነበረ ሰው፣ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ተመለከተና ምንም ሳይል ወደ ኋላ ተመለሰ።

መርዳሳ ነገሩን በቀላሉ አስረዳ። መቂ ላይ የመስኖ ቦይ ሲደፈን ውሃው ባገኘው ቀዳዳ እንደሚገባ፣ ኤሌትሪክም መመለሻው ሲዘጋበት የማይገባው ቦታ ይገባል አላቸው። ሹፌሩ ፍሬን ከመያዝ በቀር ያደረገው የለም። በኬላ ላይ ፍሬን የማይዝ ሹፌርም የለም።

ጓድ ዘገዬ ከመኪናው ወረደና የተቃጠለችውን ሽቦ አውጥቶ እንዲያሳየው ጠየቀ። መርዳሳ ፈትቶ ሰጠው። መዳፉ ላይ አገላብጦ አያት።

«ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

ገመቹ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። መርዳሳ ስለ ዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ ለአንድ ሳምንት ብሎ ስለማሰሩ፣ ለጋራዡ ኃላፊ ስለመናገሩ በአጭሩ ተናገረ።

«ለአንድ ሳምንት ያልከው አራት ወር ሆነ።»

«አዎ፣ ጓድ። ረሳሁት።»

ከቀትር ጀምሮ የሚለውን ሲያሰላስል፣ ይህችን ቃል ለመናገር አላሰበም ነበር። ወጣችበት።

ጓድ ዘገዬ ሽቦዋን በጣቱ ላይ ጠቀለላት። «ባትሪውስ?» አለ ቀና ሳይል። «መጀመሪያ መቂ ላይ ባትሪው ለምን ሞተ?»

ሐዲስ አንገቱን ቀና አድርጎ መርዳሳን አየው። መርዳሳ ጥያቄው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ገባው። እውነቱን ቢናገር ልክ ነው፤ ግን ያንን እውነት የተናገረው ሰው ጣቶች ፊት ለፊቱ አሉ።

«በዚህ ቀጭን ሽቦ ባትሪ በደንብ አይሞላም» አለ። «ከናዝሬት ሲነሣም ጎዶሎ ነበር። እሱም የኔ ጥፋት ነው።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?»

«እኔ መቂ አልነበርኩም፣ ጓድ።»

ጓድ ዘገዬ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሽቦዋን ኪሱ ከተተና፣ ሹፌሩን ፍቱት አለ። ለመርዳሳ ደግሞ መኪናውን በትክክለኛ ገመድ ሠርቶ እንዲጨርስና አብሯቸው እንዲሄድ ነገረው።

መርዳሳ የራሱን የማስነሻ ገመድ ቆርጦ ማሳ ሠራ። ሲጨርስ መብራቱ ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም አልነቃነቅ አለ። ከዚያ እጁን በቤንዚን ታጥቦ፣ ደም ባለበት የኋላ መቀመጫ ላይ ተቀመጠና ተወሰደ። ሐዲስና በላይነሽ በእግራቸው፣ እሷ ክንዱን ይዛ፣ በባቡር ሐዲዱ በኩል ሲሄዱ በመስኮቱ አያቸው።

ሃያ ሦስት ቀን ታሰረ። አልመቱትም፤ አልጠየቁትምም። ከክፍሉ ሰዎች ሲወጡ፣ አንዳንዶቹም ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ስሙን ሲጠብቅ ኖረ። በሃያ አራተኛው ቀን ስሙ ተጠራ። ቢሮ አስገብተው፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች አንድ በአንድ እየቆሙ ስለሆነ ሄዶ እንዲሠራ ነገሩት። ስለ ሽቦዋ ማንም አላነሣም።

ዘርፉ በማግሥቱ ልጆቹን ይዛ ከደራ ተመለሰች። ቅዳሜ ደግሞ ሐዲስና በላይነሽ መጡ። አራቱም ምሳ ቀርበው በሉ። ሐዲስ በግራ እጁ ነበር የሚቆርሰው። ሴቶቹ ሲነሡ መርዳሳ ሲያስጨንቀው የከረመውን ተናገረ፤ ያቺን ሽቦ በዚያው ሳምንት ቀይሬ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይደርስብህም ነበር አለው።

«ቆሜ ሰምቻለሁ» አለ ሐዲስ። «ገመቹ ነግሮዎት መብራቱን ማን እንዳስበራው ግን ያውቁ ነበር፣ ጋሽ መርዳሳ።»

«አውቅ ነበር።»

«ተናግረው ቢሆን ሁለታችንም አንተርፍም ነበር። ይገባኛል። ግን እኔ ብቻዬን ተናግሬ መቅረቴ፣ አንዳንዴ ያናድደኛል።»

መርዳሳ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ሐዲስም አልሰጠውም። ስለ ሌላ ነገር አወሩ። የመንግሥት መኪና ከእንግዲህ አልይዝም አለ ሐዲስ፤ አቦምሳ ላይ እህል የሚያመላልስ ሰው ሹፌር ይፈልጋል፣ ሰኞ እሄዳለሁ። መርዳሳ ቀኝ እጅህን አሳየኝ አለው። ሐዲስ ዘረጋለት። ሁለቱ ጣቶች አልታጠፍ ብለው ቀርተዋል።

«ማርሽ ይይዛል?»

«ይይዛል» አለ ሐዲስ። «ቀስ ብሎ ይይዛል።»